መምህርት ሴፕቲማ ክላርክና የዜግነት ትምህርት ቤቶች

በአሜሪካ በሳውዝ ካሮላይና ግዛት፣ በቻርልስተን ከተማ በ1898 ዓ.ም. (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተወለዱት የሴፕቲማ ፖይንሴት ክላርክ አባት በባርነት የተወለዱ፣ እናታቸውም በሃይቲ ያደጉ ነበሩ። የከተማው የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ጥቁር መምህራንን አይቀጥሩም ነበርና፣ ክላርክ የመምህርነት ሥራቸውን በ1916 ዓ.ም. የጀመሩት ራቅ ብላ በምትገኘው በጆንስ ደሴት ነው። በዚያም ከአንዲት ባልደረባቸው ጋር 132 ልጆች ሲያስተምሩ፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው የነጮች ትምህርት ቤት 3 ተማሪዎች ብቻ ነበሩት፤ የሚበልጠው ደመወዝ ግን የማዶው ነበር።

ወደ ከተማ እንደ ተመለሱ ቤት ለቤት እየዞሩ ፊርማ ካሰባሰቡት አንዷ ሆኑ። አቤቱታው ለግዛቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ቀርቦ በ1920 ዓ.ም. ጥቁር መምህራን በቻርልስተን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች እንዲያስተምሩ ተፈቀደ። ለእኩል ደመወዝ በተደረገውና በ1945 ዓ.ም. በፍርድ ቤት በተረታው ክርክርም ተካፍለዋል።

ይሁን እንጂ ምክር ቤቱ መንሣትንም ያውቅበት ነበር። በ1956 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኞች ለጥቁሮች መብት የሚሟገተው የኤን.ኤ.ኤ.ሲ.ፒ. አባል እንዳይሆኑ የሚከለክል ሕግ አወጣ። ክላርክ አባልነታቸውን አልሸሽግም በማለታቸው፣ ወደ አርባ ዓመት ከተጠጋ አገልግሎት በኋላ ከሥራቸው ተባረሩ፤ ጡረታቸውንም አጡ። ከ700 ለሚበልጡ ጥቁር መምህራን ደብዳቤ ቢጽፉ፣ አብረዋቸው አቤት ለማለት የመጡት 5 ብቻ ነበሩ። ይህን ቁጥር እኛ የሙያ ባልደረቦቻቸው ፈጥነን ልናልፈው አይገባም። እርሳቸው ግን ጉድለቱን ከራሳቸው ቆጠሩት፤ ላልተዘጋጁበት ነገር ገፋኋቸው ብለው አዘኑ።

ከዚያ በኋላ የሠሩት በቴነሲ ግዛት በሃይላንደር ትምህርት ቤት ነው። በደቡብ ካሮላይና መራጭ ሆኖ ለመመዝገብ የግዛቱን ሕገ መንግሥት አንብቦ ማሳየት ግድ ነበር። ስለዚህ በጥር 1957 ዓ.ም. በጆንስ ደሴት፣ ነጮች እንዳያውቁት ከአንድ ሱቅ ጀርባ ባሉ ክፍሎች፣ ለጎልማሶች የማታ ትምህርት ተከፈተ። የመጀመሪያዋ አስተማሪ በርኒስ ሮቢንሰን ፀጉር ሠሪ እንጂ የሠለጠነች መምህርት አልነበረችም፤ ክላርክም ይህንኑ ፈልገውት ነበር፤ ተማሪውን ዝቅ አድርጎ የማያይ ሰው እንዲያስተምር። ትምህርቱ ስምን ከመጻፍና በፖስታ የዕቃ ማዘዣ ቅጽ ከመሙላት ተነሥቶ ወደ ሕገ መንግሥቱ ይደርሳል። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የጎልማሳን እጅ ይዞ እርሳስ ያስጨበጠ መምህር፣ ይህ ቅደም ተከተል ምን ያህል ብልኅነት እንደሚጠይቅ ይገነዘባል።

የቴነሲ መንግሥት ሃይላንደርን ሊዘጋ ሲነሣ፣ ፕሮግራሙ በ1961 ዓ.ም. በማርቲን ሉተር ኪንግ ወደሚመራው ማኅበር ተዛወረ። በጆርጂያ የሠለጠኑ አስተማሪዎች ወደየመንደራቸው ተመልሰው ሌሎች ክፍሎችን ከፈቱ። የማኅበሩ ወንዶች መሪዎች ግን ምክራቸውን ቁም ነገር አያደርጉትም ነበር፤ ክላርክም ይህን በኋላ በግልጽ ተናግረዋል። በ1965 ዓ.ም. የፌዴራሉ የምርጫ መብት ሕግ ያንን የንባብ ፈተና አገደ።

ያባረራቸው ግዛት ጡረታቸውን የመለሰው በ1976 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ክላርክ በቻርልስተን የትምህርት ቦርድ ውስጥ በሕዝብ ተመርጠው ተቀምጠው ነበር። በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. በ89 ዓመታቸው በጆንስ ደሴት ዐረፉ።