ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ፦ በሁለት ስም የኖሩ ኢትዮጵያዊ

በዘመናዊ ሕክምና ሠልጥነው ከተመረቁት ኢትዮጵያውያን ቀደምት የሆኑት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ የተወለዱት በጎንደር ነው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ በእንግሊዝ ጦር እጅ ስትወድቅ ገና ሕፃን ነበሩ። ከወላጆቻቸው ተለይተው በመገኘታቸው ኮሎኔል ቻምበርሌን የተባለው መኮንን ወደ ሕንድ ወሰዳቸው። እርሱ ሲሞት ኮሎኔል ማርቲን አስተማራቸው። ቻርልስ ማርቲን የተባሉት በነዚሁ በሁለቱ መኮንኖች ስም ነው።

እ.ኤ.አ. በ1882 ከላሆር የሕክምና ኮሌጅ ተመረቁ፤ በስኮትላንድም ተጨማሪ ትምህርት ቀስመው በበርማ የብሪታንያ መንግሥት ሐኪም ሆኑ። ማዕርጉና ደመወዙ ግን የትውልድ አገራቸውን ጥያቄ ከልባቸው አላወጣውም። የዐድዋን ጦርነት ወሬ በሰሙ ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ ለመምጣት ቆረጡ፤ እ.ኤ.አ. በ1899 አዲስ አበባ ገቡ።

ከወገናቸው መካከል ቢደርሱም አማርኛ አያውቁም ነበርና የሚነጋገሩት በአስተርጓሚ ነበር። አያታቸው የልጅነት ጠባሳቸውን አይተው የልጅ ልጃቸው መሆናቸውን አረጋገጡ። ዝምድናው በዚህ ቢታወቅም የአገሩን ቋንቋና ልማድ መማሩ ረጅም ጊዜ ጠየቀ። የብሪታንያ ተቀጣሪ በመሆናቸውም እንደገና ወደ በርማ ሄዱ፤ ጠቅልለው ለመኖር የተመለሱት በጡረታ ከተሰናበቱ በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ በባዕድ አገር ያገኙትን ዕውቀት ለወገናቸው አዋሉት። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በኃላፊነት መሩ። እ.ኤ.አ. በ1927 ከይጁቤ ደጋ በስተደቡብ ቆላውን ሰንጥቆ የሚወርደው ዐባይ በሚነሣበት በጣና ሐይቅ ላይ ስለታሰበው ግድብ ለመነጋገር ወደ አሜሪካ ተላኩ። በዚያም ወደ ሐርለም ሄደው፣ ሙያ ያላቸው ጥቁር አሜሪካውያን መጥተው በኢትዮጵያ እንዲሠሩ ጋበዙ። ከአገሩ ተነጥሎ ያደገ ሰው ምን እንደሚናፍቅ ከራሳቸው ሕይወት ያውቁት ነበር።

ኋላም የጨርጨር ገዥ፣ ቀጥሎም በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆኑ። ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን በወረረች ጊዜ፣ ያሳደጋቸውን ሕዝብ በገዛ ቋንቋው እየተናገሩ ስለ ኢትዮጵያ ተሟገቱ። ዋጋውም ከባድ ሆነ፤ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ በተፈጸመው ጭፍጨፋ ቢንያምና ዮሴፍ የተባሉት ልጆቻቸው ተገደሉ። እርሳቸውም ከነፃነት በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1945 ዓ.ም. ዐረፉ።

በውጭ ተምሮ የሚመለስ የሙያ ባልደረባችን በሄደበት እንግዳ፣ በተመለሰበትም ባይተዋር የሚሆንበት ጊዜ አለ። የሐኪም ወርቅነህ ሕይወት የሚያስረዳን፣ ወገንን ለማግኘት ያሳደገንን መካድ እንደማያስፈልግ ነው። ወርቅነህም ማርቲንም ተብለው ኖሩ፤ በሁለቱም ስም ያገለገሉት ግን አንዲቱን አገር ነው።