ኩምሳ ሞሮዳ

ደጃዝማች ኩምሳ ሞሮዳ (የክርስትና ስማቸው ገብረ እግዚአብሔር) በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ መቀመጫውን ነቀምቴ ላይ ያደረገው የሌቃ ነቀምቴ ገዥ ነበሩ። ግዛቱን ከአባታቸው ከሞሮዳ በከሬ ወረሱ፣ ለልጃቸው ለደጃዝማች ሀብተ ማርያምም አወረሱ። ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ በምትገኘው ነቀምቴ ያለው ቤተ መንግሥት እስከ አሁን በስማቸው ይጠራል።

የውርሱ አመጣጥ

በሜጫ ኦሮሞ ዘንድ በገዳ ሥርዓት የአባ ገዳ ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ከእጅ ወደ እጅ ያልፍ ስለነበር አባት ለልጁ የሚያወርሰው ነገር አልነበረም። የሚወረሰው ከብትና መሬት ነው፤ እሱም ቢሆን በልማዱ የበኵር ልጁን (አንገፋ) የሚያስቀድም ነበር። የኩምሳ አያት በከሬ ጎዳና በሌቃ ምድር በጦርና በንግድ ኃይል አግኝተው ሞቲ (ንጉሥ) ሲሆኑ ግን ሥልጣን ራሱ እንደ ከብቱና እንደ መሬቱ የቤተሰብ ሀብት ሆነ። ልጃቸው ሞሮዳም ተተኩ።

ሞሮዳ መጀመሪያ ለጎጃም ይገብሩ ነበር። በ1874 ዓ.ም. በእምባቦ ጦርነት የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ሲያሸንፉ ሞሮዳ ሳይዋጉ ለራስ ጎበና ዳጨ ገቡ። በ1881 ዓ.ም. ከድርቡሾች ጋር በተደረገው የጉቴ ዲሊ ውጊያም ከጎበና ጎን ነበሩ። በሰላም መግባታቸው ለቤተሰቡ ትልቅ ነገር አስገኝቷል፦ ሌቃ ነቀምቴ እየገበረ በራሱ ተወላጅ ገዥ እንዲቀጥል ተፈቀደለት። እንደ ሌሎች የደቡብና የምዕራብ አገሮችም የነፍጠኛና የገባር ሥርዓት አልተተከለበትም።

አስተዳደር

ሞሮዳ ወደ 1881 ዓ.ም. ግድም ሲሞቱ ኩምሳ ገና ወጣት ነበሩ። ውርሱ የአባት ቢሆንም የሚጸናው በምኒልክ ሹመት ነበር። ኩምሳ ክርስትና ሲነሡ የክርስትና አባታቸው ራሳቸው ምኒልክ ሆኑ፤ በመሆኑም ንጉሠ ነገሥቱ ጌታም አባትም ሆኑላቸው። ደጃዝማች ተብለው ግዛታቸውን ያዙ፣ በየጊዜውም ወርቅና የዝሆን ጥርስ ይልኩ ነበር።

የዚህን ዝምድና ዋጋ ለማየት ጎረቤቱን ሌቃ ቀለምን ማነጻጸር ይበቃል (ሁለቱን ሌቃዎች ማምታታት የተለመደ ነው)። የቀለሙ ጆቴ ቱሉም ለምኒልክ ገብተው ይገብሩ ነበር፤ በኋላ ግን ግዛቱ ከእጃቸው ወጥቶ ከመሀል አገር ለመጡ ሹማምንት ተሰጠ። ኩምሳ ይህ ዕጣ አልደረሰባቸውም።

ምኒልክ ለሞሮዳና ለኩምሳ የጻፏቸው ደብዳቤዎች ነቀምቴ ተጠብቀው ቆይተው በአሌሳንድሮ ትሪውልዚና በተሰማ ታኣ ተሰብስበው ታትመዋል። ለወለጋ ታሪክ ከዚህ የሚበልጥ ሰነድ ማግኘት ይከብዳል።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ መሬት በቃላድ መለካት ሲጀምር ባላባቶች፣ የሞሮዳ ቤተሰብም ጭምር፣ ሰፊ መሬት በስማቸው ያዙ። በዚህ የተነሣ ብዙ ገበሬ ከአባቱ የወረስኩት በሚለው እርሻ ላይ ጭሰኛ ሆነ። ስለ ኩምሳ ሲጻፍ ይህ ጎን ብዙ ጊዜ ይዘለላል።

በ1896 ዓ.ም. ኦነሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ወደ ነቀምቴ ሲመጡ ኩምሳ ተቀብለዋቸዋል። ኦነሲሞስ በኦሮምኛ የተረጎሙትን መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው ነበር። ካህናት ከሰው ስብከታቸው ቢታገድም እዚያው ኖረው በ1923 ዓ.ም. አረፉ።

ከኩምሳ በኋላ

ሀብተ ማርያም የአባታቸውን ቦታ ይዘው እያለ በ1924 ዓ.ም. አባ ጅፋር ሲሞቱ የጅማ የራስ ገዝነት በመሀል መንግሥት ተሻረ። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ሲወር ሀብተ ማርያምና ሌሎች የምዕራብ ኦሮሞ ባላባቶች ኅብረት መሥርተው በመንግሥታት ማኅበር ሥር በእንግሊዝ ሞግዚትነት ለመተዳደር ጠየቁ። ጥያቄው አልተሳካም። በዚያው ሰኔ ከሀብተ ማርያም ጋር ለመነጋገር ነቀምቴ አጠገብ ቦነያ ያረፉት የጣሊያን መኰንኖች በጥቁር አንበሳ አርበኞች ተገደሉ፤ ነቀምቴም ለበቀል በአውሮፕላን ተደበደበች። ሀብተ ማርያም በ1929 ዓ.ም. ሞቱ። ከነጻነት በኋላ ወለጋ ከመንግሥት በሚሾም እንደራሴ ስለተዳደረ የበከሬ ቤት ሥልጣን ለአራተኛ ልጅ አላለፈም።

የሀብተ ማርያም ልጅ ማኅፀንተ እ.ኤ.አ. በ1959 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ልጅ ልዑል ሣህለ ሥላሴን አገባች። ልጃቸው ልዑል ኤርምያስ እ.ኤ.አ. በ1960 ተወለደ፤ ስለዚህም የሁለቱም ቤቶች ዘር ነው። መሬቱ ግን በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን፣ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ባደረጉት አዋጆች ከወራሾች እጅ ወጣ። ቤተ መንግሥቱ ዛሬ በቅርስነት ለጎብኚዎች ክፍት ነው።