ሽታ የሌለው ገዳይና ራሳቸውን የመረዙት ሐኪም

በድንጋይ ከሰል ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ፍንዳታ ወይም ቃጠሎ ሲደርስ ሠራተኞቹን የሚገድላቸው ምን ይመስልዎታል? እሳቱ ወይም የሚደረመሰው ድንጋይ ነው ይሉ ይሆናል። ከ100 ዓመት በፊትም ብዙ ሰው የሚያስበው ይህንኑ ነበር። ነገሩ ሌላ መሆኑን ያሳዩት ስኮትላንዳዊው ሐኪም ጆን ስኮት ሃልደን ናቸው።

ሃልደን እ.ኤ.አ. በ1860 በኤዲንብራ ተወለዱ፤ እዚያው ሕክምና ተምረው በ1884 ተመረቁ። ሥራቸው ግን ሕሙማንን ማከም ሳይሆን የሰው ልጅ አተነፋፈስ ምርምር ነበር። ለዚህም ኦክስፎርድ ተቀመጡ።

በጥር ወር 1896 በደቡብ ዌልስ፣ ታይለርስታውን በተባለ ስፍራ በደረሰ የማዕድን ፍንዳታ 57 ሰዎች ሞቱ። ሃልደን ወደ ስፍራው ሄደው አስከሬኖቹን መረመሩ። በፍንዳታው ኃይል የሞቱት ጥቂቶች ነበሩ። የብዙዎቹ ቆዳ ቀላ ብሎ፣ የተኙ እንጂ የሞቱ አይመስሉም ነበር። ይህ መልክ የካርቦን ሞኖኦክሳይድ መርዝ ምልክት ነው። ጋዙ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ደም ውስጥ ሲገባ ግን ኦክስጅን ከሚጣበቅበት ኃይል ከ200 ጊዜ በላይ በበለጠ ኃይል ይጣበቃል። ሰውየው አየር እየሳበ ሰውነቱ ኦክስጅን ያጣል።

ሃልደን ይህን የሚያውቁት ከመጽሐፍ ብቻ አልነበረም። ቀደም ብለው ጋዙን ራሳቸው እየተነፈሱ፣ ደማቸውን እያስመረመሩ፣ የሚሰማቸውን ጽፈው ነበር። በአንዱ ሙከራ ከደማቸው የኦክስጅን ተሸካሚ ክፍል ከግማሽ በላይ የሚሆነው በጋዙ ተይዞ፣ መራመድ አቅቷቸው ነበር። ልጃቸውንም ገና በልጅነቱ ወደ ማዕድን ጉድጓድ ይዘውት ይወርዱ ነበር፤ ዛሬ ይህን የሚያደርግ አባት የሚመሰገን አይመስለኝም።

በሙከራው አንድ ጠቃሚ ነገር አስተዋሉ። ትንሽ እንስሳ ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍስ ከሰው እጅግ ቀድሞ ይወድቃል። ስለዚህ አይጥ ወይም ካናሪ የተባለችው ትንሽ ወፍ ከነፍስ አድን ሠራተኞች ጋር ወደ ጉድጓድ እንድትገባ መከሩ። በብሪታንያ ማዕድኖች ወፎቹ በመሣሪያ የተተኩት ገና በ1986 ነው።

ማዕድን አውጪዎች ዛሬም የሚሰጣቸው ሥልጠና መሠረቱ እዚህ ነው። ጋዙ አስቀድሞ የሚያደክመው እግርንና ማስተዋልን ስለሆነ፣ የተመረዘ ሰው መመረዙን አያውቅም። ስለዚህ ጭስ እንደታየ፣ ሕመም እስኪሰማ ሳይጠበቅ፣ በወገብ የታጠቁትን የመተንፈሻ መሣሪያ ማጥለቅ ግድ ነው። ጋዙን በሚያጣራው ዓይነት መሣሪያ የሚሳበው አየር እየሞቀ ይሄዳል፤ ያልሠለጠነ ሰው ተበላሽቷል ብሎ ያወልቀዋል። ሙቀቱ ግን መሣሪያው ጋዙን እየለወጠ የመሆኑ ምልክት ነው። ጓደኛን ለማዳን መተንፈሻ ሳያጠልቁ ሮጦ መግባትም የተከለከለ ነው፤ በዚህ መንገድ ብዙ አዳኞች ሞተዋል።

ሃልደን በመጋቢት ወር 1936 በኦክስፎርድ በ75 ዓመታቸው አረፉ።

እርስዎ ማዕድን ውስጥ አይሠሩ ይሆናል፤ በተዘጋ ክፍል ከሰል ካቀጣጠሉ ግን የሚገጥምዎ ያው ጋዝ ነው። ጭሱ አልቆ ፍሙ ሲቀላ አደጋው አለፈ ማለት ስህተት ነው፤ የቀላ ፍምም ጋዙን ያወጣል። በአንድ ክፍል ያሉ ሰዎች ሁሉ ራሳቸውን ካመማቸው፣ ካዞራቸው ወይም ካቅለሸለሻቸው ወዲያው ይውጡ። ከሰል የመታው ሰው ወድቆ ካገኙ በርና መስኮቱን ከፍተው፣ ሰው ጠርተው፣ በፍጥነት ወደ ውጭ ያውጡት። ቢነቃም እንኳ ጤና ተቋም ይውሰዱት፤ ጋዙን ከደሙ ቶሎ የሚያስለቅቀው በጭምብል የሚሰጥ ኦክስጅን ነው።