ልጁ ትንፋሽ ሲያጥራት አጠገቧ ያልነበረው ሐኪም፦ ዶ/ር ፒተር ሳፋር

ትንፋሹ ለቆመ ሰው በአፍ አየር ሲሰጥ ፊልም ላይ ሳታዩ አትቀሩም። ዘዴው እንደሚሠራ በሙከራ አሳይቶ ለዓለም ካስተማሩት ሰዎች ዋነኛው ዶ/ር ፒተር ሳፋር ነው። የገዛ ልጁ ትንፋሽ ሲያጥራት ግን አጠገቧ አልነበረም። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፒተር በ1924 በኦስትሪያ ዋና ከተማ ቪየና ተወለደ። አባቱ የዓይን ሐኪም፣ እናቱ ደግሞ የሕፃናት ሐኪም ነበሩ። ናዚዎች አገሪቱን ሲይዙ በእናቱ በኩል የአይሁድ ዘር ስላለበት ቤተሰቡ ብዙ ተንገላታ፤ አባቱም ከሥራ ተባረረ። ፒተር ራሱ ለሂትለር ጦር ተመልምሎ ነበር። እሱ ግን የነበረበትን የቆዳ በሽታ ሆን ብሎ በቅባት አባብሶ ከግንባር አመለጠ። በ1948 በሕክምና ተመረቀ፣ ከዚያ አሜሪካ ሄዶ የሰመመን ሐኪም ሆነ።

በዚያ ዘመን ትንፋሹ የቆመን ሰው በሆዱ አስተኝተው ጀርባውን እየተጫኑ ክንዶቹን ያነሱ ነበር። ሳፋር ግን ራሱን የሳተ ሰው ምላሱ ወደ ኋላ ወድቆ ጉሮሮውን እንደሚዘጋው በየቀኑ ሥራው ላይ ያያል። ጉሮሮ ተዘግቶ እያለ ጀርባ መጫን ምን ሊፈይድ?

ዶ/ር ጄምስ ኤላም የሚባል ባልደረባው ወደ ውጭ የምንተነፍሰው አየር ለሌላ ሰው የሚበቃ ኦክስጅን እንዳለው ቀድሞ አሳይቶ ነበር። ሳፋር በ1957 ባልቲሞር ውስጥ በጎ ፈቃደኞችን በመድኃኒት አስተኝቶ፣ ለጊዜው በራሳቸው መተንፈስ እንዳይችሉ አድርጎ ሁለቱን ዘዴዎች አወዳደረ። ከአየር ሰጪዎቹ መካከል የሕክምና ትምህርት የሌላቸው ተራ ሰዎችም ነበሩበት። ጭንቅላትን ወደ ኋላ ቀና አድርጎ በአፍ መተንፈስ የድሮውን ዘዴ በግልጽ በለጠው።

በ1960 የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች ደረትን እየተጫኑ ደም ማዘዋወር እንደሚቻል ሲያሳዩ ሳፋር ሁለቱን አጣመራቸው። ዛሬ ሲፒአር የምንለው ይሄ ነው። ኖርዌያዊው አሻንጉሊት ሠሪ አስሙንድ ሌርዳል ደግሞ ሰው የሚለማመድበትን አሻንጉሊት ሠራ። ሌርዳል ራሱ ውሃ ሊወስደው የነበረ ትንሽ ልጁን በእጁ ያተረፈ አባት ነበር።

ሳፋር ግን እንደ ሌርዳል አልታደለም። በ1966 ልጁ ኤሊዛቤት ከባድ አስም ተነሳባት። ሐኪሞች ልቧን መልሰው ማስነሳት ቻሉ፤ አንጎሏ ግን ያለ ኦክስጅን ብዙ ቆይቶ ስለነበር አልዳነችም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንወቅ። አዋቂ ላይ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚታመመው ልብ ነው። ልጆች ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚቋረጠው ትንፋሽ ነው፤ በአስም፣ በትንታ፣ በውሃ መስጠም። ልባቸው የሚቆመው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ልጅን የሚያድኑት የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች ናቸው፤ እነዚያ ደግሞ የሚያልፉት ቤት ውስጥና መንገድ ላይ እንጂ ሆስፒታል ውስጥ አይደለም።

ሳፋር ይህን በደንብ ያውቅ ነበር። እሱ የሚኖርበት ፒትስበርግ ውስጥ ያኔ በሽተኛ የሚጫነው በፖሊስ መኪና ወይም በቀብር አስፈጻሚዎች መኪና ነበር፤ መንገድ ላይ የሚረዳው ሰው የለም። በ1967 ሂል ዲስትሪክት ከሚባለው የጥቁሮች ሰፈር ብዙዎቹ ሥራ አጥ የነበሩ ወጣቶች ተመረጡ። ሳፋር ወደ 300 ሰዓት የሚጠጋ ሥልጠና ነደፈላቸው። ስማቸው ፍሪደም ሃውስ አምቡላንስ ተባለ። ማንም ከቁም ነገር የማይቆጥራቸው ልጆች በአሜሪካ ከመጀመሪያዎቹ ፓራሜዲኮች መካከል ሆኑ፤ የሰው ሕይወትም አተረፉ። ከተማው ግን በ1975 አገልግሎቱን ዘግቶ የራሱን አቋቋመ። ያም ሆኖ የቡድኑ ሐኪም የነበረችው ዶ/ር ናንሲ ካሮላይን እዚያ የሠራችው ሥልጠና ለአገር አቀፉ የፓራሜዲክ ትምህርት መሠረት ሆነ።

ሳፋር ቀሪ ዕድሜውን የሰጠው ኤሊዛቤትን ለነጠቀው ጥያቄ ነው፦ ልብ ሲመለስ አንጎልም እንዲተርፍ ምን ይደረግ? ሰውነትን ማቀዝቀዝ አንጎልን ይጠብቅ እንደሆነ ለዓመታት ሲያጠና ቆየ። ለኖቤል ሽልማት በተደጋጋሚ ቢታጭም አልተሸለመም። በ2003 በ79 ዓመቱ አረፈ።

እሱ ለልጁ መድረስ አልቻለም። ባልቲሞር ውስጥ ያሳየው ግን ዶክተር ያልሆነ ሰውም መድረስ እንደሚችል ነው። ዘዴው ለጨቅላ፣ ለልጅና ለአዋቂ ስለሚለያይ በቪዲዮ አይቶ ብቻ አይሆንም። የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ስታገኙ አትለፉት፤ ታናናሾች ያሉት ጓደኛችሁንም ይዛችሁት ሂዱ።