ሞቱ ያልተወራለት፣ ሥራው ግን በእጃችን ያለ ሰው፦ ዴኒስ ሪቺ

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 5 ቀን 2011 ስቲቭ ጆብስ ሲሞት ዓለም ሁሉ ሐዘኑን ገለጸ። ከሳምንት በኋላ፣ ኦክቶበር 12፣ አንድ የ70 ዓመት ሰው ኒው ጀርሲ በሚገኘው ቤቱ ሞቶ ተገኘ። ስለ እሱ ግን ብዙም አልተወራም።

ይህ ሰው ዴኒስ ሪቺ ነው። አንድሮይድም ያዙ አይፎን፣ የእሱ ሥራ እጃችሁ ላይ አለ። ዛሬ ታሪኩን በአጭሩ እንነግራችኋለን።

ሪቺ እ.ኤ.አ. በ1941 በኒው ዮርክ ግዛት፣ ብሮንክስቪል ተወለደ። አባቱ ቤል ላብስ በተባለው የምርምር ተቋም የሚሠራ ሳይንቲስት ነበር። ልጁም በ1963 ከሃርቫርድ በፊዚክስ ተመረቀና በ1967 እዚያው ቤል ላብስ ገባ።

በ1969 ጓደኛው ኬን ቶምፕሰን ብዙም ሰው የማይጠቀምባት አንዲት ኮምፒውተር አገኘ። በእሷ ላይ ዩኒክስ የተባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም መሥራት ጀመረ፤ ሪቺም አብሮት ገባበት።

ችግሩ ምን ነበር? የሲስተሙ እምብርት፣ ማለትም ከርነሉ፣ የተጻፈው ያ ማሽን ብቻ በሚገባው ቋንቋ ነው። ማሽን ከተቀየረ ሥራው እንደገና ከዜሮ ይጀመራል። ስህተት ሲፈጠር ደግሞ ፈልጎ ማግኘት ራስ ምታት ነው።

ሪቺ ታዲያ ሲ የተባለውን ቋንቋ መሥራት ጀመረ። በ1972 ቶምፕሰን ከርነሉን በዚሁ ቋንቋ ለመጻፍ ሞከረ፤ አልሆነለትም፣ ተወው። ቋንቋው ገና ጎዶሎ ነበራ! የተለያዩ መረጃዎችን በአንድ ላይ አስሮ መያዝ አይችልም ነበር። ሪቺ ይህን ጨመረበት። በ1973 ክረምት ከርነሉ በሲ እንደ አዲስ ተጻፈ።

ያኔ ነገሩ ተለወጠ። ኮዱ ለዩኒቨርሲቲዎች ሲደርስ ተማሪዎች ራሳቸው እያነበቡ ስህተቱን ማረም፣ አዲስ ነገርም መጨመር ቻሉ። በዩኒክስ ፕሪንተሩም ዲስኩም እንደ ፋይል ይከፈታል፣ ይነበባል፣ ይጻፍበታል። ስለዚህ ለአዲስ ዕቃ ድራይቨር የሚጽፍ ሰው ከየት እንደሚጀምር ያውቃል።

የዩኒክስን መንገድ የተከተለው ሊኑክስም በ1991 መጣ፤ አንድሮይድ የቆመው በሊኑክስ ከርነል ላይ ነው። ዛሬ አንድ ፕሮግራመር በሲ ትንሽ ሞጁል ጽፎ ኮምፒውተሩን ሳያጠፋ ከርነሉ ላይ መጫን ይችላል። ካልሠራ የከርነሉን መዝገብ ከፍቶ ያያል፣ የተበላሸችውን መስመር ይፈልጋል፣ አርሞ ደግሞ ይሞክራል።

ሲ እንከን የለውም ማለት ግን አይደለም። ቋንቋው ፕሮግራመሩን ከልክ በላይ ያምናል። ሞጁሉ የማይመለከተውን የሜሞሪ ቦታ ከነካ ሲስተሙ በሙሉ ሊወድቅ ይችላል። ለዚህም ነው ከ2022 ጀምሮ ረስት የተባለ ይበልጥ ጥንቁቅ ቋንቋ ወደ ሊኑክስ ከርነል የገባው።

ሪቺ በ1983 ከቶምፕሰን ጋር የቱሪንግ ሽልማትን አገኘ። ከብራያን ከርኒሃን ጋር በ1978 ያሳተመው የሲ መጽሐፍም ስንቱን ፕሮግራመር አፍርቷል። ሲ ፕላስ ፕላስ የተማራችሁም ብትሆኑ መነሻው ይኸው ሲ ነው።

ስልካችሁ አፕዴት ሲጠይቃችሁ ታዲያ በኋላ እያላችሁ አታሳልፉት። አንዳንዴ አንድ ሰው ከርነሉን አንብቦ ያገኘው ስህተት ነው በዚያ የሚታረመው። ያ ሰው ያነበበው ደግሞ ሪቺ በሠራው ቋንቋ ነው።