ማስረጃ የሌለው ቁጥር

ስለ ጋብሬል ጋርሲያ ማርኬዝ «መቶ የብቸኝነት ዓመታት» የምንጨቃጨቅ አንባቢዎች ብዙ ነን። አንዱ ከአያት እስከ ልጅ ልጅ ሁሉም ሞክሼ ሆነውበት ይምታታበታል፤ ሌላው ቆንጆዋ ልጅ ከነአንሶላው ወደ ሰማይ ስታርግ መጽሐፉን ይከድናል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን መጽሐፉ ውስጥ ያለው እውነት ነው።

ደራሲው እ.ኤ.አ. በ1927 ኮሎምቢያ ውስጥ አራካታካ በምትባል የሙዝ አገር ተወለደ። ያሳደጉት የቀድሞ ዘማች የነበሩት ኮሎኔል አያቱና የሙታንን ወሬ እንደ ጎረቤት ወሬ የሚያወሩት ሴት አያቱ ናቸው። በ1928 እዚያው አካባቢ ሲየናጋ ላይ የዩናይትድ ፍሩት ኩባንያ የሙዝ ሠራተኞች አድማ ቢመቱ የመንግሥት ጦር ተኮሰባቸው። ጠበቃው ጋይታን ጉዳዩን ፓርላማ ድረስ ወሰደው። ጋይታን በ1948 ቦጎታ ውስጥ ተገደለ፤ በተነሳው ሁከት ዩኒቨርሲቲው ሲዘጋ የሕግ ተማሪው ማርኬዝ ወደ ካርታኼና ሄደ፤ ትምህርቱንም ሳይጨርስ ጋዜጠኛ ሆኖ ቀረ። ለሙያችን ኪሳራ፣ ለአንባቢ ግን ትርፍ!

በ1967 በታተመው ልብ ወለድ 3,000 ሰው ያልቃል፤ ተርፎ የሚመሰክረውን ግን የሚያምነው የለም። ማርኬዝ በ1982 ኖቤል ተሸለመ፣ በ2014 አረፈ። የሲየናጋ ሟቾች ቁጥር ዛሬም አልተረጋገጠም፤ ከደራሲው ብዕር የወጣው 3,000 ግን በአገሩ እንደ ታሪክ ሲጠቀስ ኖሯል። እንደ ሕግ ሰው ይህ አይዋጥልኝም። ሬሳውን ቆጥሮ መመዝገብ የነበረበት ግን ደራሲው አልነበረም።