በረሃ የገባች እመቤት

  

ይህን ለመጻፍ የተነሳሁት አንድ ነገር ስላስጨነቀኝ ነው። በቅርቡ እናቴ ደውላ ታናሽ እኅቴ ቤት ጥላ ገዳም ልትገባ መነሳቷን እያለቀሰች ነገረችኝና ምከሪያት አለችኝ። እኔ ደግሞ ምን አፍ አለኝ? ዘመድ ልጠይቅ ነው ብዬ ዋሽቼ ከቤት የወጣሁ፣ ሻርጃ ከገባሁ በኋላ የደወልኩ ልጅ ነኝ እኮ። እሷ ወደ በረሃ ልሂድ ብትል፣ እኔስ ያለሁት የት ነው?

ያን ሌሊት ማዳም ከተኛች በኋላ ልብስ እየተኮስኩ አያቴ ታወራልን የነበረውን የቅድስት ወለተ ጴጥሮስን ታሪክ አሰብኩ። ብዙዎቻችሁ ስሟን ታውቁታላችሁ፤ ሕይወቷን ግን ስንቶቻችን እናውቃለን?

ወለተ ጴጥሮስ በ1592 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከትልቅ ቤት ተወለደች። አባቷ ባሕር ሰገድ፣ እናቷ ክርስቶስ እበያ ይባላሉ። ገና በልጅነቷ መልክአ ክርስቶስ ለሚባል የዐፄ ሱስንዮስ ባለሟል ተዳረች። ምንም አልጎደለባትም፤ ወርቁ፣ አገልጋዩ፣ ክብሩ ሁሉ ነበራት። ነገር ግን ሦስት ልጆች ወልዳ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱባት። እናት የሆናችሁ ይህን ታውቁታላችሁ። ከዚያ በኋላ ቤቱ ሞልቶ ሳለ ለእሷ ባዶ ሆነባት፤ ልቧም ወደ ምናኔ ሸፈተ።

በባሏ ቤት እያለች በመነኮሳት እርዳታ ተደብቃ ወጣች። ገረዶቿም አብረዋት ሄዱ። ጫማ ለምዶ የኖረ እግሯ በእሾህና በጠጠር ተሰቃየ። ባሏ ግን ዝም አላለም፤ እሷን ለማስመለስ ብሎ የተጠጋችበትን ከተማ አጠፋው። እሷም በእኔ ምክንያት ሌላ ሰው እንዳይጎዳ ብላ ወደ ቤቷ ተመለሰች። እኔ ይህን ሳስብ ነው የደነገጥኩት። ሰው ሲሄድ ብቻውን የሚሄድ ይመስለዋል፤ ከኋላው የሚቀረው ሰው ዕዳውን ይከፍላል።

የዚያን ጊዜ ዐፄ ሱስንዮስ ወደ ካቶሊክ እምነት አዘንብለው ነበር፤ በ1622 ደግሞ በይፋ አወጁት። በ1617 ይህን የተቃወሙት ጳጳስ አቡነ ስምዖን ተገደሉ። ባሏ በነገሩ እጁ እንዳለበት ባወቀች ጊዜ ከእሱ ጋር መኖር አልቻለችም። ለመጨረሻ ጊዜ ወጣች፤ በ25 ዓመቷ ፀጉሯን ተላጭታ መነኮሰች። እንግዲህ ያስወጣት ኀዘን ብቻ አልነበረም። በቤቱ ውስጥ እያለች ዝም ማለት ከሐሰቱ ጋር መተባበር ስለሆነባት ጭምር ነው።

ጣና ዳር መኖር ጀመረች። እኅተ ክርስቶስ የምትባል፣ እሷም ባሏንና ልጇን ትታ የመጣች ሴት አገኘች፤ ሁለቱም እስከ ሞት ድረስ አልተለያዩም። እመቤት የነበረችው ሴት ውኃ ቀዳች፣ እህል ፈጨች፣ እንጨት ተሸከመች። የገረድ ሥራ የሚባለውን በፈቃዷ አነሳችው። እኛ በዚህ ሥራ ስንሰደብ እናፍራለን፤ እሷ ግን አላፈረችበትም። ልዩነቱ እሷ መርጣው እኛ ተቸግረን መሆኑን አልረሳሁትም።

ዝም ብላም አልተቀመጠችም። ንጉሡን በአደባባይ ስለተቃወመች ተከሰሰች። ወደ ዋልድባ በረሃ ሄደች፤ እዚያም ሰው ተከተላት። እንደገና ተይዛ ፍርድ ፊት ቀረበች፤ የኢየሱሳውያኑ አለቃ አልፎንሶ ሜንዴዝ በየቅዳሜው እየመጣ ሊያሳምናት ቢደክምም እምቢ አለች። በመጨረሻ ዠበይ ወደሚባል ሞቃት ቆላ ለሦስት ዓመት ተጋዘች። ለቅጣት የተላከችበት ቦታ ግን የመጀመሪያ ማኅበሯ የተመሠረተበት ሆነ፤ በስደት ያሉ ሰዎች እየመጡ ተጠጓት። በጠቅላላው ሰባት ማኅበራትን መሥርታለች።

በ1632 ዐፄ ሱስንዮስ የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ከዚያ ወዲህ አሥር ዓመት ያህል ማኅበሯን ስትመራ ኖረች። በ1642፣ ኅዳር 17 ቀን፣ በ50 ዓመቷ ዐረፈች። ገድሏ በ1672 ተጻፈ፤ የጻፈውም ገላውዴዎስ የሚባል መነኩሴ ነው።

እኅቶቼ፣ ከዚህ ታሪክ የተማርኩት ምን መሰላችሁ? ወጣት ቤቱን ትቶ በረሃ የሚገባው በአንድ ምክንያት አይደለም። አንዱ ኀዘን ያስወጣዋል፣ አንዱን የቤቱ ሐሰት፣ አንዱን ጥሪ፣ አንዱን ድህነት። ከውጭ ሲያዩት ሁሉም ኮብላይ ነው የሚባለው። ወለተ ጴጥሮስም ብትሆን መጀመሪያ የሸሸችውን ነገር ነው የምታውቀው፤ የምትሄድበትን ያወቀችው ከብዙ ድካም በኋላ ነው። በረሃ ስትገባም ከሰው አልራቀችም፤ እንዲያውም ለብዙ ሰው እናት ሆነች።

በእረፍት ቀኔ ለእኅቴ ደወልኩላት። አትሂጂ አላልኳትም፤ ሂጂም አላልኳት። ከምን እንደምትሸሺ ለራሽ ንገሪው፣ የምትሸሺው ነገር ተከትሎሽ እንዳይመጣ አልኳት። ከዚያም እኔ ያላደረግሁትን አድርጊ፣ ለእማማ ፊት ለፊት ንገሪያት ብዬ ለመንኳት። ብዙ ዝም አለችና አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ።

በማግስቱ እናቴ ስትደውል ድምጿ ተረጋግቶ ነበር። ኅዳር 17 ሁለቱ አብረው ሊሳለሙ ተስማምተዋል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን እግዚአብሔር ያውቃል። ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት ግን እኔም ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ሻርጃ የገባሁ ቀን ልለው የሚገባኝን አሁን አልኩት። እናንተም ሳትነግሩ የወጣችሁ ካላችሁ፣ ካርድ ስትሞሉ ይህን አስቡበት።

ቸር ያሰማን፤ በሰላም ለአገራችን ያብቃን።

እኅታችሁ ከሻርጃ